ተስላ ስታበቃ ታገባለች

ነይ ጠጋ በይልኝማ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራሽ፤ እኅቴ ወርቅውሃ ጓዳ ናት፣ ባሏ ሳሎን ራዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል፣ የዚህ ቤት ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ይሁን ወረቀት አይታወቅም። ነገ ጠዋት ፎቶ ቤት ሊወስዱኝ ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ግን መጀመሪያ የወርቅውሃን ካልሰማሽ የእኔው አይገባሽም። ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ከመሃል መጀመር አልችልበትም።

ያኔ ይህቺን ያለንባትን ወልቂጤን የት አውቃት፣ ቡታጅራ ነበርን። እኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ቀዳዳውን በምላሴ ስፈትሽ የምውል ልጅ ነኝ። ወርቅውሃ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። «ቤት ተቀመጠች» ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ አያታለሁ፣ መቼ ነው የተቀመጠችው እላለሁ። አባታችን አቶ ዳምጤ ከሰሜን በሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ጓሯችን ባለችው ክፍል ደግሞ ጋሽ አስረስ ተከራይቶ ይኖራል፣ የትምህርት ቤታችን የሥዕል አስተማሪ። አዲስ አበባ ሥዕል ተምሮ የመጣ ነው። ኪሱ ውስጥ ከሰል አይጠፋም። ጨብጦ ሰላም ካለሽ መዳፍሽ ጠቁሮ ነው ቤትሽ የምትገቢው።

አንድ እሁድ ጠዋት ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴትዮ በግ ይዛ ቆማለች። በጉ ታጥቧል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮለታል፣ እሷ ደግሞ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ይዛዋለች። አይጮህም። ዓይኑ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«እማዬ፣ በጉ ምን ሆኖ ነው?»

«ስለት ነው። ሴትዮዋ ተስላ ልጇ ዳነላት። የተሳለ ሰው ደግሞ ስለቱን ማግባት አለበት።»

«ካላገባስ?»

«እመቤታችን ትቀየማለች። አሁን አፍሽን ያዢ፣ ቅዳሴ ነው።»

እንግዲህ ይህን ይዤ ቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ እንግዳ መጡ፤ ከወልቂጤ ነው የመጡት ተባለ። እኔን ከሳሎን አስወጡኝ፣ እኔም ወጥቼ በጓዳ በኩል ዞሬ መጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

«ሰውየው ልጅቷን ሳላይ ቃል አልሰጥም ብሏል» ይላሉ ሽማግሌው። «እንዳይመጣ ደግሞ መንገዱን ያውቁታል። ከወልቂጤ ቡታጅራ አዲስ አበባ ገብቶ ዞሮ ነው። ንግዱን ጥሎ እንዴት ይምጣ? አንድ ፎቶ ቢላክለት።»

«ፎቶ ለማስነሳት አዲስ አበባ ልወስዳት ነው?» አለ አባባ። «አዲስ አበባን አንዴ ያየች ልጅ ቡታጅራ መልሳ ትገባለች ብለው ነው?» ከዚያ ሳቀ። «ሠዓሊ እኮ ጓሮዬ አለ። ይኸው አስረስ። ተስላ ስታበቃ ታገባለች።»

ሰማሽ? ተስላ፣ ከዚያ ታገባለች። ጠዋት እማዬ ያለችውን ራሱን። እኔ መጋረጃው ኋላ ሆኜ አሰብኩት። ወርቅውሃ ስለት ልትሳል ነው፤ ከዚያ ስለቷን ልታገባ ነው። ምኗን? በግ የለንም። ስለዚህ ራሷን ነው የምታገባው፤ ታጥባ፣ ቀይ ነገር አንገቷ ላይ ታስሮላት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰጥታ ልትቀር ነው። ማታ አብረን ስንተኛ እግሬን እግሯ ላይ ጣልኩ፣ እንዳይወስዷት።

አሁን ለሰው ስነግረው ይስቃል፤ አንቺም እየሳቅሽ ነው። ሳቂ። ግን ቆይተሽ ስታስቢው፣ ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ ነገሩ በትክክል የገባው ለእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ አባባ ጋሽ አስረስን አስጠራው። ጋሽ አስረስ ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሞ ሰማና፣ «ቤት ውስጥ አይሆንም ጋሼ» አለ። «የሰው ፊት ብርሃን ይፈልጋል። ውጭ ብንወጣ፣ ከኋላዋ ዘቢዳር ተራራ ቢሆን…»

«ተራራው ለምን አስፈለገ? ሰውየው የሚያገባው ተራራውን ነው?»

«የባላባት ሥዕል ላይ አላዩም? ከኋላ ተራራ ከሌለው ሰውዬው ማንም ይመስላል።»

አባባ ጠባሳ ባለበት አመልካች ጣቱ ጺሙን ዳሰሰ። ባላባት የምትለው ነገር ገባችለት። «ሐናን ይዘዋት ይሂዱ» አለ ለእማዬ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «ወለተ ሐና፣ ዓይንሽን ከእኅትሽ ላይ እንዳትነቅዪ» አለኝ። ለእኔ ይህ ግልጽ ነበር፤ በጉም ጠባቂ ነበረው።

እና በየቅዳሜው መሄድ ጀመርን። አሬ ሸይጣን የሚሉትን ሐይቅ ታውቂዋለሽ አይደል? ሜዳው ላይ ስትሄጂ ስትሄጂ ድንገት መሬቱ ያልቅና ከእግርሽ ሥር እንደ ድስት የጎደጎደ ገደል፣ ታች ደግሞ አረንጓዴ ውሃ። መውረጃው አይታይም። ልጆች ድንጋይ ብትወረውሪ ውሃው ላይ አይደርስም ይሉ ነበር፤ እኔ ያን ዓመት እጄ እስኪዝል ወርውሬያለሁ፣ አንድም አልደረሰልኝም። ጋሽ አስረስ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን ከገደሉ ራቅ አድርጎ ይተክላል፣ ሰሌዳውን ይሰቅላል፣ ወርቅውሃ የእማዬን ነጠላ ለብሳ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ከኋላዋ ዘቢዳር። ትንሽ ከሣለ በኋላ «ሐንዬ፣ እስቲ ድንጋይሽ ዛሬ ይደርስ እንደሆነ» ይለኛል። እኔም እሄዳለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ዳቦው ነበር። እማዬ ለምሳ ብላ ዳቦ ትቋጥርልናለች። ይህ ሰውዬ የዳቦውን ልብ እየቦጨቀ ከሰሉን ይፍቅበታል! ይስላል፣ ይፍቃል፤ ይስላል፣ ይፍቃል። ዳቦው ያልቅና ለእኔ የሚተርፈኝ ጥቁር ፍርፋሪና ቅርፊት ነው። እኔ የደመደምኩት ሰውዬው መሣል አይችልም ብዬ ነው። አንድ ፊት ይህን ያህል ቅዳሜ ይፈጃል? ግን ደስ አለኝ። ካልቻለበት ወርቅውሃ ተስላ አታበቃም፤ ተስላ ካላበቃች አታገባም። ስለዚህ በልቤ ስጸልይ የነበረው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ጋሽ አስረስ ሰነፍ ሠዓሊ ሆኖ እንዲቀር ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ከገደሉ አፍ ላይ ሆኜ የወርቅውሃን ድምፅ ሰማሁ። «አትንቀሳቀስ!» ትላለች።

አስቢው፤ አትንቀሳቀሺ አይደለም ያለችው፣ አትንቀሳቀስ። ማንን ነው? ዞር ብዬ ሳይ ያለነው እኛው ነን። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ባለፈው ሳምንት ደመና ሲመጣ ጋሽ አስረስ «ይኼ ተራራ ደግሞ ተንቀሳቀሰብኝ» ብሎ ሲያማርር ሰምቻለሁ። አሃ፣ ተራራውን ነው የምትቆጣው አልኩ። ሠዓሊዎች ተራራ እንዳይሄድባቸው ይገሥጹታል ማለት ነው። እኔም ፊቴን ወደ ዘቢዳር አዞርኩና «አትንቀሳቀስ» አልኩት። ቆመ።

ሌላ ቀን ደግሞ እዚያ አካባቢ መሬት ያለው ገበሬ፣ ጋሽ ሽፋ፣ በበቅሎው ሲያልፍ ቆመ። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ወረደና ሰሌዳውን በጎን በኩል አየው። ራሱን ነቀነቀ። «አፍንጫው አንሷል» አለ። «የሱ እኮ ረዘም ይላል።»

ወርቅውሃና ጋሽ አስረስ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ተናደድኩ። ጋሽ ሽፋ አማርኛ ሲናገር አንዳንዴ ሴቱና ወንዱ ይቀያየርበታል፤ «የሷ» ሊል ፈልጎ ነው አልኩ፤ የእኅቴን አፍንጫ ረጅም ነው እያለ ነው። ለበቅሎው ያዘጋጀሁትን ሣር አልሰጠሁትም።

አሁን ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ወርቅውሃ ራሷ ነች ይህን የነገረችኝ፣ እዚሁ ወልቂጤ፣ እኔ ለትምህርት እሷ ዘንድ መጥቼ አብረን ሽንኩርት ስንከትፍ። ጋሽ ሽፋ አልተሳሳተም። ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ጋሽ አስረስ ነበር፤ ሰሌዳው ጋ የቆመችው እሷ። እኔ ድንጋይ ልወረውር ዘወር ስል ቦታ ይቀያየራሉ፣ ሰሌዳው ላይም ሌላ ወረቀት ይደርባሉ። ሰው ሲመጣ ጋሽ አስረስ ይስላል፣ ማለት ያስላል፣ ኧኸ ኧኸ፣ ያኔ ደግሞ መልሰው ይቀያየራሉ። ጉንፋን የማይለቀው ሰውዬ ነበር የሚመስለኝ። መጀመሪያ እጁን ብቻ ሣለች፣ ከዚያ ክንዱን፣ ከዚያ ትከሻውን። «ሰው ከውስጥ ነው የሚጀምረው» ይላታል፤ «አጥንቱን ካላገኘሽ ልብሱን ብቻ ነው የምትስዪው።» ቤት ውስጥ «እርስዎ» የምትለውን ሰው እዚያ «አንተ፣ ክርንህን መልስ» ትለዋለች።

አየሽ፣ አዲስ አበባ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ተማሪ ይቀበል ነበር። ጋሽ አስረስ የሣለቻቸውን ለድሮ አስተማሪው በሰው እጅ ልኮ «ትምጣ» ተብሏል። የእማዬ እኅት እዚያ አለች፣ ማረፊያ አለ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የእሷ ሥዕል እስከ መስከረም እንዳያልቅ። ካለቀ ወልቂጤ። ካላለቀ፣ ሰውዬው ይሰለቸዋል፣ ወይ ሌላ ያያል፣ እሷ አውቶብስ ትይዛለች። ያ ሁሉ ዳቦ የሄደው ለዚህ ነው።

እማዬስ? እማዬ የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። ግን አሁን ሳስበው፣ ከጊዜ በኋላ ሁለት ዳቦ ነበር የምትቋጥረው። «አንዱ ለመብል» ትላለች። ሌላው ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ ማታ ማታ አባባ በረንዳ ላይ ይጠብቀናል። ሰሌዳውን ይቀበልና ወደ ብርሃኑ ያዞረዋል።

«ዛሬስ?»

«ዓይኗ ቀርቷል ጋሼ።»

«ያለፈውም ሳምንት ዓይኗ ነበር።»

«ያኔ ግራው ነበር።»

«አንተ መምህር፣ ካቴድራል እየሠራህ ነው እንዴ? እኛ አንዲት ልጅ ናት የሰጠንህ።» ይህን ሲል ይስቃል። ከሳምንት ወደ ሳምንት ግን ሳቁ እያጠረ ሄደ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የቡታጅራ ክረምት ታውቂያለሽ፣ ዘቢዳር ጉም ውስጥ ይገባና ጠፍቶ ይከርማል። መንገዱ ጭቃ ነው። ጋሽ አስረስ «እስኪያባራ እንጠብቅ» አለ፤ ደስ ብሎት ነበር፣ ያስታውቅበታል። ወርቅውሃም ወለሉን ስታጥብ ታንጎራጉር ጀመር። ዝናቡ ለእነሱ ያደላ መስሏቸዋል።

ሽማግሌው ግን በዚያ ጭቃ ተመልሰው መጡ። እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ «ሰውዬው ምን አለ መሰለዎት፣ 'ልጅቷ ዓይን የላትም እንዴ' አለ» ብለው ጀመሩ። አባባ አልሳቀም። እሳቸው እንደወጡ ጋሽ አስረስን አስጠራው።

«ተራራው ይቅር» አለው። «እዚሁ ሳሎን ትቀመጣለች። በመስኮቱ በኩል ብርሃን አለ። እኔም ፈቃድ ወስጃለሁ፣ አብሬያችሁ እውላለሁ።»

እንዲያ ነው የተዘጋብን። ሳሎናችን ጠባብ ናት፤ ማቆሚያው ሲተከል በሩ በግማሽ ነው የሚከፈተው። ወርቅውሃ በርጩማ ላይ፣ አባባ ከኋላዋ ወንበር ላይ፣ ጋሽ አስረስ ፊት ለፊት፣ እኔ ጥግ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ድንጋይ የሚወረወርበት የለ፣ የሚታይ ተራራ የለ። እማዬ ዳቦ አቀረበች፣ አባባ አነሳና በላው። ጋሽ አስረስ ዳቦው ሲበላ እያየ ቆሞ ቀረ። ያኔ ራበው ብዬ አዘንኩለት።

ወርቅውሃ መንቀሳቀስ ጀመረች። ትንሽ ነው፤ አንገቷን በጣም ጥቂት ታዘነብላለች። ጋሽ አስረስ ይቆማል፣ «ይቅርታ፣ መሥመሩ ሸሸብኝ» ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ትከሻዋን ታወርዳለች። እንደገና። ያስነጥሳታል። እንደገና። አባባ መጀመሪያ «አትንቀሳቀሺ» አለ። ቀጥሎ «አንቺ ልጅ» አለ። ቀጥሎ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተጠጋትና ከኋላዋ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ያዘው።

«በል ሣል» አለ።

ጋሽ አስረስ ከሰሉን ይዞ አልሠራም። እማዬ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ወርቅውሃ አትጮህም። ዓይኗ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ እኔ፣ ወደ በሩ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ።

እኔ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስለቱ እየገባ ነው አልኩ።

«ሣል እኮ ነው የምልህ መምህር። እጄ ዛለ።»

ሣለ። ቀና ሳይል ሣለ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ወርቅውሃን አይቶ «ይቅር በይኝ» አላት፤ አባባ ስለ ማስቀመጡ መስሎት «ግድ የለም፣ ለራሷ ነው» ብሎ መለሰለት። ሲያበቃ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቀኑ ገና አልመሸም ነበር። አባባ ሥዕሉን አየና «ይኸው፣ ይቻላል እኮ» አለ። «ነጠላዋ ደግሞ አንገቷ ላይ እንዴት አምሯል።»

ሥዕሉ በአውቶብስ ሄደ። መልሱ «ትምጣ» ነበር፤ አዲስ አበባም «ትምጣ» ብላት ነበር፣ ቃሉ አንድ ነው፣ መንገዱ ነው የተለየው። መስቀል ሳይደርስ ሠርጓ ሆነ። እኔ በሠርጉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ትቀራለች ብዬ ስጠብቅ መኪና ውስጥ ስትገባ አየሁና እፎይ አልኩ። አስቢው፣ እፎይ ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ አስረስ ያንኑ ሰሞን ሌላ አገር ተዛውሮ ሄደ። ክፍሉን ስንጠርግ የወርቅውሃ የሆነ ነገር አልቀረም፤ ግድግዳው ላይ ብቻ በከሰል አንድ ክርን ነበር፣ እማዬ በኖራ ቀባችው።

በቃ፣ አሁን ወደ ዛሬ ልመለስ። ያ ሥዕል እዚህ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከራዲዮኑ በላይ፣ በመስታወት ተሰቅሏል። ባሏ እንግዳ ሲመጣ ያሳያል፤ «ሳላያት አይቻት ነው ያገባኋት» ይላል ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜም ይስቃል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳታስቢ። ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ይቀባ ተባለና ሥዕሉ ወረደ። እኔ መስታወቱን ልወለውል ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እንደዚያ ቅርብ ሆኜ አይቼው አላውቅም።

ነጠላ አይደለም። ጆሮዋ ሥር፣ መንጋጋዋ ላይ፣ በዚህም በዚያም በኩል፣ እኛ ሁላችን የነጠላ እጥፋት ነው ያልነው፣ ጣት ነው። ጥፍር አለው። የቀኙ አመልካች ጣት ላይ የአባባ ጠባሳ እንኳ አለ። ጋሽ አስረስ ያየውን ነው የሣለው። አባባ የራሱን እጅ አይቶ «አምሯል» ብሏል።

ወርቅውሃን ጠራኋት። «እትዬ፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«አጥንቱ እኮ ይታያል» አለች፣ እጇን እያደረቀች። «መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ሥለሽ ታውቂያለሽ?»

«ማንን? እዚህ ቤት ማን ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥልኛል?» አለችና መስታወቱን ከእኔ ተቀብላ ወለወለችው። መልሳ ሰቀለችው። ቀጥ ብሎ እንደሆነ ራቅ ብላ አየች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ሠዓሊ።

እና የእኔ ነገር ይኸውልሽ። ከአባባ መልእክት መጣ፤ ሆሳዕና ከተማ አንድ ሰው አለ አሉ፣ የመንግሥት ሥራ አለው፣ የልጅቷ ፎቶ ይላክልኝ ብሏል። አሁን ወልቂጤ ፎቶ ቤት አለ፣ ሠዓሊ መለመን ቀርቷል። የወርቅውሃ ባል ነገ ራሱ ይዞኝ ሊሄድ ነው፤ ደስ ብሎታል፣ ቀሚስ ሁሉ ገዝቶልኛል። እኔ ደግሞ የፈተናዬን ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ካለፍኩ የነርስ ትምህርት ቤት እገባለሁ፤ ውጤቱ ግን ክረምቱ ሲጋመስ ነው የሚመጣው፣ ፎቶው ነገ ነው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር የያዘኝ ይመስለኛል፤ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የዋልኩት።

ከሰዓት በኋላ ሰፍያ ጋ ሄጄ ነበር። ሰፍያን ነግሬሻለሁ፤ የቡታጅራ ልጅ ናት፣ አብራኝ የተማረች፣ እዚህ አጎቷ ጨርቅ ይሸጣሉ። ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ጨርቅ እየለካች ሁሉንም ነገርኳት፤ በጉን፣ ዳቦውን፣ ተራራውን፣ ጣቶቹን። አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጨርቁን ቀደደች፣ አጠፈችው፣ ከዚያ ያለችኝን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ሂጂና ፎቶውን ተነሺ። አትንቀሳቀሺ ሲልሽ እሺ በይው፤ ብልጭ ሲል ግን አንገትሽን ዞር አድርጊ። እንደገና ካለሽ እንደገና ዞር፣ ውጤትሽ እስኪመጣ። ፎቶ አንሺ ሁለት እጁም ካሜራው ላይ ነው፤ ጭንቅላት የሚይዝበት እጅ የለውም።»